ላንድሮቨሩ ስር ያሳለፍኳት እሁድ

ግራ እጄን ያየ ሁሉ ምን እንደሆንኩ ይጠይቀኛል። «የመኪና አደጋ ነው» እላለሁ። ጠያቂው መንገድ ላይ የተገለበጠ አውቶቡስ ይታየዋል መሰለኝ፣ ከንፈሩን ይመጥልኛል፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። እንዲያልቅም ስለምፈልግ አላርመውም። ለእናንተ ግን እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ፤ ከቤተሰቤ ውጪ ለሰው ስነግረው የመጀመሪያዬ ነው።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ባለቤቴ አስቴር ነርስ ናት፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን። ከማስተማሩ ውጪ ያለው ጊዜዬ በሙሉ አሮጌ መኪና ስር ነበር የሚያልፈው። መካኒክ አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። ባልደረቦቼ ቅዳሜ ከሰዓት ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበሉ ሲወጡ እኔ የተቀደደ ቱታዬን ለብሼ ግቢዬ ውስጥ ካርቡራተር አጥባለሁ። አስቴር ጥፍሬ ውስጥ የሚቀረውን ግራሶ እያየች «ከእኔ በፊት እሷን ነው ያገባኸው» ትለኛለች፤ ላንድሮቨሩን ማለቷ ነው።

ፍቅሩን ያወረሰኝ አባቴ ነው። አባቴ አቶ ማዳ የሸማኔ ልጅ ሆኖ ተወልዶ፣ መወርወሪያውን ጥሎ መሪ የጨበጠ ሰው ነበር። በእሱ ዘመን ወደ ደጋው የሚወጣው ሰው በላንድሮቨር ነበር የሚወጣው። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ፣ ከአርባ ምንጭ ኦቾሎ፣ ሰውና ሽንኩርት፣ ሙሽራና አስከሬን እየጫነ ዕድሜውን ጨረሰ። ሻንካ የሚባል ረዳት ነበረው፤ ከእሱ ጋር ሲጨቃጨቁ ነው ያደግሁት። ሻንካ እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ሞተ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የረሳው የሰው ስም ነበር፤ ቀስ በቀስ የበላውን፣ በኋላም እናቴ መሞቷን ረሳ። ከትውልድ መንደሩ ከኦቾሎ አምጥቼ እኔ ዘንድ አኖርኩት። እዚህም ሁለት ጊዜ ወጥቶ ጠፍቶብን፣ አንዴ መናኸሪያ፣ አንዴ ኩልፎ ድልድይ አጠገብ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የውጭው በር ቀንም ሌሊትም በቁልፍ የሚዘጋ ሆነ። ቁልፉ ከእኔና ከአስቴር ኪስ አይወጣም።

ታዲያ አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ሳር በቅሎበት የተጣለ ላንድሮቨር አገኘሁ፤ አባቴ ሲነዳው ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት። አስጎትቼ ግቢዬ አስገባሁት። እውነቱን ለመናገር መኪናውን የፈለግሁት ለመንዳት አልነበረም። ሞተሩ የተነሳ ቀን አባቴ ድምፁን ሰምቶ ይመለሳል የሚል ተስፋ ነበረኝ። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ የሞተ የአንጎል ሴል በሞተር ድምፅ እንደማይነሳ አውቃለሁ። ግን ተስፋዬን አልተውኩም።

ተስፋዬን የሚያጠናክር ነገርም ነበር። የልጆቼን ስም የማያስታውሰው ሰውዬ መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል»፣ «ያንን ብሎን አታጥብቀው፣ ይበጠሳል» ይለኛል። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳ ዕለት እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ሲገልጥ ግን «ሻንካ፣ ሰው ሞላ?» አለኝ። ስሜን ጠብቄ ነበር።

ያቺ እሁድ የመጣችው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው።

ጠዋት አስቴር ልጆቹን ይዛ ጸሎት ቤት ሄደች። አባቴ ስብከት መሃል ተነስቶ ስለሚወጣ እሁድ እሁድ አንዳችን ከእሱ ጋር እንቀራለን፤ ተራው የእኔ ነበር። ቁርሱን አበላሁት፣ ጋቢውን ደርቤለት ጥላ ስር አስቀመጥኩት። ያን ዕለት የኋላውን ባሌስትራ፣ ክብደት የሚሸከመውን የድርብርብ ብረት ሞላ፣ ትናንሽ ላስቲኮች ልቀይር ነበር። የኋላውን የግራ ጎማ ፈታሁ፣ መኪናውን በክሪክ አነሳሁ፣ ለጥንቃቄ ብዬ ሻንሲው፣ የመኪናው ዋና ብረት፣ ስር ድንጋይ ደራረብኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። መሬቱ ከላይ ደርቆ ከስር ለስላሳ መሆኑን አላስተዋልኩም።

በጀርባዬ ገባሁ። ግራ እጄን በሻንሲውና በባሌስትራው መሃል አሳልፌ የመጨረሻውን ብሎን ስፈልግ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ጠጠር እንደ መንሸራተት ያለች። ከዚያ መኪናው ወረደ።

መጀመሪያ አላመመኝም። ያስደነገጠኝ ፊቴ ላይ የመጣው ብረት ነው፤ ሻንሲው ከአፍንጫዬ በላይ ቆመ። መተንፈስ እችላለሁ። እግሬ ይንቀሳቀሳል። «ተረፍኩ» ብዬ ልወጣ ስል ግራ እጄ አልከተል አለኝ። ከክርኔ በታች ብረትና ብረት መሃል ተጠርቅሟል። ሕመሙ የመጣው ያኔ ነው። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ለሳምንት ቆስሎ ነበር።

ማንም አልመጣም። በአንድ ወገን ያሉት ጎረቤቶቻችን እዚያው ጸሎት ቤት ናቸው። በሌላው ወገን ያለው ከድር፣ ሲቀላ ገበያ የጅምላ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው፣ ቤተሰቡን ለሰርግ ልኮ ሱቁ ሄዷል። ከሩቅ የመዝሙር ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይመጣል፤ ባጃጆች ያልፋሉ። ስልኬ መኪናው ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ነው።

የመጣው አባቴ ነው። እግሩን አየሁት፤ ያንን ጥቁር የላስቲክ ጫማ። ቁጢጥ ብሎ ወደ እኔ አየ።

«ገና አልጨረስክም?»

«አባ! አባ፣ እኔ ነኝ፣ እስራኤል! እጄን ይዞኛል። ሰው ጥራልኝ!»

ፊቱን አየሁት። በሩ እንደተዘጋበት ሰው ነበር። ቃሎቹን ይሰማል፣ የሚያሳርፍበት ቦታ ግን የለውም። «እስራኤል ትምህርት ቤት ነው» አለኝ በጋሞኛ፤ ተነስቶም ሄደ።

ስለምነው፣ ስቆጣው፣ ሳለቅስ ብዙ ጊዜ አለፈ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ። አባቴ የመኪናውን በር ሲከፍት ሰማሁት። ልጆቼ ለጨዋታ ስልክ ማንሳት አስተምረውት ነበር፤ የት እንደሚነካ ጣቱ ያውቀዋል።

«ሃሎ» አለ። ሰምቶም «አዎ፣ ሻንካ መኪና ስር ነው። አልወጣም። ቆይቷል» አለ።

«አስቴር! አስቴር!» ብዬ ባለኝ አቅም ጮህኩ። እሷ ያለችበት ግን መዝሙር ስለነበር አልሰማችኝም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የደወለችው ከጸሎት በኋላ ስብሰባ ስላለ እንደምትቆይ ልትነግረኝ ነው። «ሻንካ መኪና ስር ነው» ሲላት ሳቀች። ሻንካ ስንት ዘመኑ ነው ከሞተ! እኔም እንደ ልማዴ መኪና ስር ነኝ ማለት ነው። «እሺ አባ፣ እንደምቆይ ንገረው» ብላ ዘጋችው። አባቴ እውነቱን ነው የነገራት፤ ከስሜ በቀር አንዲትም ቃል አልተሳሳተም።

ከዚያ በኋላ ልጁ መሆኔን እንዲያስታውስ መታገሌን ተውኩ። ሻንካ ብሆን ይሻለኛል አልኩ።

«ጋሽ ማዳ!» ብዬ ተጣራሁ፣ እንደ ሻንካ ቆጣ ብዬ። «ክሪኩ ወድቋል እኮ! ጎማ ልንቀይር አይደለም እንዴ?»

«እንዴ!» አለ። ወዲያው መጣ። ተጋድሞ የነበረውን ክሪክ አነሳው፣ ከግንቡ ጥግ ጣውላ ፈልጎ ከስሩ አስገባ። ጣውላውን! እኔ ማስገባት የረሳሁትን። ሻንሲው ስር ትክክለኛው ቦታ ላይ አቁሞ መግፋት ጀመረ። ብረቱ አቃሰተ፣ ተነሳ፤ የጣት ያህል፣ ከዚያ ትንሽ ጨመረ። እጄ ውስጥ ደም ሲሮጥ ተሰማኝና ሕመሙ ዓይኔን አጨለመብኝ። ትንሽ ቢቀጥል እጄን ጎትቼ ባወጣሁት ነበር።

«ትንሽ ይጨምሩ፣ ጋሽ ማዳ! ትንሽ ብቻ!»

«ጎማው ታሰረ?» አለኝ።

ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባኝ። ክሪክ ይነሳል፣ ጎማ ይታሰራል፣ ክሪክ ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ቅደም ተከተል ነው የሠራው። «አልታሰረም! አይልቀቁት!» ብዬ ሳልጨርስ የክሪኩን ማስተንፈሻ ፈታው። መኪናው እንደገና እጄ ላይ ተቀመጠ።

ለምን ያህል ጊዜ ራሴን እንደሳትኩ አላውቅም። የነቃሁት ከላይ የመኪናው በር «ጓ» ብሎ ሲዘጋ ነው። ወንበሩ ሲንቋቋ ከበላዬ ሰማሁት። አባቴ መሪውን ይዟል። ቁልፉ መኪናው ላይ ነው።

«ሻንካ!» አለ። «እንሂድ እንጂ! ጭጋጉ ሳይወርድ ተራራውን እንውጣው።»

ወገኖቼ፣ እኔ ያንን ሞተር በገዛ እጄ ነው ያዳንኩት። በአንድ የቁልፍ ዙር እንዲነሳ አድርጌ ነው የሠራሁት። ከተነሳና ማርሽ ካስገባ መኪናው ከጣውላውና ከድንጋዩ ተንሸራቶ ደረቴ ላይ ነው የሚወጣው። ቁልፉ ኪሊክ ሲል፣ ማስነሻው መጮህ ሲጀምር ሰማሁ።

«ጋሽ ማዳ፣ ራዲያተሩ ውሃ የለውም!»

ማስነሻው ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ውሃ አልሞላሁም። ይነድብናል።»

«አንተ ደንቆሮ!» አለኝ። እንደዚያ ስሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወርዶ ጀሪካን ፈለገ፣ ከቧንቧው ቀድቶ መጣ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ሞላ። ከራዲያተሩ የተረፈው ውሃ በመሬቱ ተንሸራቶ ጀርባዬ ስር ገባ። ወደ መሪው እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ ውሃ ብለው አያምነኝም። ጣቶቼን መስማት አቁሜያለሁ። አስቴር መቼ እንደምትመጣ አላውቅም።

ያኔ ነው ቁልፉ የታወሰኝ። የውጭው በር ቁልፍ፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ።

ይህችን ቅጽበት በዝግታ ልንገራችሁ፤ በዝግታ ነው ያለፈችው። ከከፈትኩለት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። አስቴር ለሥራ ቢረፍድባት እንኳ በሩ መቆለፉን ሁለት ጊዜ የምታጣራው በእሱ ምክንያት ነው። ካልከፈትኩለት ደግሞ እንደገና መሪው ላይ ይወጣል። ምናልባት በሩ ላይ ሰው ያየው ይሆናል፣ ምናልባት ጎረቤት ይመልሰው ይሆናል አልኩ። ምናልባት ብቻ ነበር ያለኝ።

«ጋሽ ማዳ» አልኩት። «ባዶ መኪና ይዘን ልንወጣ ነው እንዴ? ሰው የለም እኮ። ወጥተው ሰው ይጥሩ።»

ቁጢጥ ብሎ አየኝ። ቀኝ እጄን እየጎተትኩ አውጥቼ ቁልፉን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። ጣቶቹ ጣቶቼ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ሰው ልጥራ?»

«አዎ። ሰው ይጥሩ። ብዙ ሰው።»

በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ፣ ያ ከመናኸሪያ እስከ ገበያው ይሰማ የነበረ ድምፅ፣ አርጅቶም ቢሆን ተነሳ፤ «ጨንቻ! ጨንቻ! ኦቾሎ! ጨንቻ!» አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። የሆነ ሰው ሳቀ። ድምፁ ራቀ፣ ጎረቤቱን አለፈ፣ መታጠፊያው ጋ ቀጠነ፤ ከዚያ ጠፋ።

ማንም አልገባም። ሰፈሩ በሙሉ እያለፈው ሄደ ማለት ነው።

ያገኘኝ ከድር ነው። ለምሳ ከሱቁ ሲመለስ ያንን የማይከፈት በራችንን ወለል ብሎ ተከፍቶ አየው። ሊዘጋልን ብሎ ሲጠጋ ትንፋሼን ሰማ። «ያ አላህ!» ብሎ ወጥቶ ሲጮህ መንገዱ በአንዴ ሞላ። ተረባርበው መኪናውን አነሱት። ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቡኝ «አባቴ! አባቴ ወጥቷል!» እላለሁ፤ ከድር «አይዞህ፣ እናመጣቸዋለን» ይለኛል። አምኜው ነው ራሴን የሳትኩት።

ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፤ እጄ ከክርኔ በታች የለም። ስለ እጄ አልጠየቅሁም። «አባስ?» አልኳት አስቴርን።

«እየፈለጉ ነው።»

«ከየት ጀምረው?»

መስኮቱን ዘጋችው። ውጪ ይዘንብ ነበር።

በማግስቱም «እየፈለጉ ነው» አለችኝ። ከድር ሱቁን ዘግቶ ከወጣቶች ጋር መናኸሪያውን፣ ኩልፎን፣ የጫሞን መንገድ አስሷል። የጸሎት ቤታችን ሰዎች ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ወጥተዋል። እሱ ግን ወደ ሰሜን ነበር የሄደው፤ በልቡ ባለው መንገድ፣ ወደ ደጋው። ጫኖ በምትባል የመንገድ ዳር መንደር፣ ከሙዝ እርሻዎቹ መሃል፣ የመስኖ ቦይ ዳር አገኙት። ዝናብና ብርዱ ነው የገደለው አሉ። በእግሩ ያን ሁሉ መንገድ እንዴት እንደተጓዘ የሚያውቅ የለም።

ኦቾሎ ስንቀብረው ተራራው ጫፍ ላይ ቆሜ ታች አባያ ሐይቅን አያለሁ፤ ሰው ይመጣል፣ ያጽናናኛል። መጋቢው «እግዚአብሔር በአባትህ እጅ አዳነህ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ «ልጁን አድኖ መሞት የአባት ወግ ነው» አሉኝ። ደግ ሰዎች ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። እነሱ ስለዳነው ያወራሉ፤ እኔ ስለላክሁት ሰው እያሰብኩ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ሰዎች ተበታትነው እቤት ሳለን አንዲት ሴት መጣች። ከጫኖ ነው የመጣችው፤ ሙዝ እርሻ ያላት፣ ጠና ያለች ሴት። ደጃፉ ላይ ቆማ አልቀመጥም አለች።

«እኔ አይቻቸው ነበር» አለች። «እሁድ ወደ ማታ ላይ እርሻዬ ውስጥ ገቡ። እግራቸው ደምቷል። ውሃ ሰጠኋቸው።»

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

አስቴርን አየቻት፤ መናገር የፈለገች አትመስልም ነበር።

«'ልጄ መኪና ስር ነው' አሉኝ። 'እስራኤል ይባላል። ብረት እጁን ይዞታል። ሰው ጥራልኝ ብሎ ላከኝ፤ ሰው አለሽ?' አሉኝ። 'ከከተማ ጀምሬ እጠራለሁ፣ የሚመጣልኝ አጣሁ' አሉ።» ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «የእርጅና ነገር መሰለኝ። እሺ አባባ፣ ይመጣሉ፣ አረፍ ይበሉ አልኳቸው። ከብቶቼን አስገብቼ ስመለስ የሉም። ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደው ነው።»

ከዚያ በኋላ መኪና ነክቼ አላውቅም። ላንድሮቨሩን ከድር ሰው ፈልጎ አስወሰደልኝ፤ ማን እንደወሰደው አልጠየቅሁም። ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ሰሌዳ ላይ በቀኝ እጄ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ የግራውን አለመኖር ለምደዋል። አስቴር አልፎ አልፎ ስለዚያ ስልክ ታነሳለች። «ይሻልሃል» ያለኝ ሁሉ ተሳስቷል። አልተሻለኝም። ከብዶ የነበረው ነገር አሁንም እዚያው ነው፣ ከስሩ መኖር ለምጄ እንደሆነ እንጃ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ አእምሮው የሸሸ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ወይም መንገድ ላይ ብቻውን የሚጮህ ሽማግሌ የምታገኙ፣ የሚለው ነገር ትርጉም ባይሰጣችሁም አትለፉት። የሞተ ሰው ስም ቢጠራ፣ የሌለ መኪና ቢጠብቅ፣ ሄዳችሁ እዩለት። ምንም ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜም አይኖርም።

ስሜ መቼ እንደተመለሰለት አስባለሁ። መታጠፊያው ጋ ይሆን? ድልድዩን ሲሻገር? የትም ቢሆን፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው አልጠፋም ነበር። ልጁ እንደተያዘ እያወቀ፣ በደማ እግሩ፣ በዝናብ፣ ከበር በር እየዞረ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሞቆኝ፣ ተኝቻለሁ።